የባሻ ታደገ ታኮ

ባሻ ታደገ ድሬዳዋ ላይ ማረፋቸውን የሰማነው በስልክ ነው። የስልክ ቤቱ ሰው ራሱ ወደ ሐረሩ አደባባይ ወደ ፈረስ መጋላ ወጥቶ፣ ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆመን ስናወራ አገኘንና ነገረን። ከዚያ «ነፍስ ይማር» አልን። ቀጥሎ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ ወዲያው የገባንበት ክርክር ሬሳቸውን የደንገጎን ዳገት አስወጥቶ ሐረር የሚያደርስ የማን አገር መኪና ነው የሚል ነበር።

አንዱ ዳገት ከሆነማ የጣሊያን ነው አለ። ሌላው የጣሊያን ወገቧ ጠንካራ ነው እንጂ ጉልበቷ አያስተማምንም አለው። እኔም የፈረንሳይን ጠቀስኩ፤ መጥቀስ ስላለብኝ። ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። ባሻ ከባለቤታቸው መቃብር አጠገብ እንዲቀበሩ ተናዝዘዋል። የድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ሬሳ አያቆይም። በዚያው ቀን ሄዶ፣ ጭኖ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐረር የሚገባ መኪና ያስፈልግ ነበር። ደንገጎ ላይ ከቆመ አለቀ፤ የሰው ሬሳ ገደል አፋፍ ላይ ያድራል። ይህን ሁሉ እያወቅን እንኳ ክርክሩን ማቆም አልቻልንም። ባሻ ቢሰሙን ኖሮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቁብን ነበር።

ባሻን ያላወቀ ሰው ይህ ለምን እንደሚያስቅ አይገባውምና ከመጀመሪያው ልንገር።

ከጃንሆይ የዘውድ በዓል ወዲህ ባሉት ዓመታት ሐረር ውስጥ መኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። አመሻሽ ላይ ሱቅ ከመዘጋቱ በፊት መጋላው ላይ እንሰበሰባለን፤ ወሬያችንም አንድ ነው። የማን አገር መኪና ታማኝ ናት? ዩሱፍ የሚባል የጀጎል ልጅ፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ አዲስ የአሜሪካን መኪና ነበረችው። ቀለሟ ፊት ያሳያል። እኔ የፈረንሳይ ነበረችኝ። እስከ ዛሬም የፈረንሳይ ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ብዕር ያነሳሁት ለሌላ ጉዳይ ስለሆነ ማስረጃውን እዚህ አልደረድርም።

በመካከላችን ያልተጻፈ ሕግ ነበር። መንገድ ላይ የቆመች መኪና «ተበላሸች» አትባልም። «አረፈች» ነው የምትባለው። ተሳፋሪውን ሐረር በር ላይ ከማውረዳችን በፊት፣ ክርስቲያኑን በማርያም፣ እስላሙን በአላህ ብለን እንዳያወራብን እንለምናለን። ታኮ የምንለው እንጨት ነበር፤ ዳገት ላይ መኪናዋ ሞተሯ ሲደክም ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት ከጎማው ሥር የሚገባ። ታኮ የሌለው ባለመኪና አልነበረም፤ ታኮ ይዞ መታየት ግን ነውር ነበር። እኔ የኔን በጆንያ ጠቅልዬ ከመቀመጫ ሥር ነበር የምደብቀው። ዩሱፍ ታኮውን ምን ውስጥ እንደሚደብቅ እስከ መጨረሻው አልደረስኩበትም።

በዚህ መሀል ነው ባሻ ታደገ መኪና ገዝተው ብቅ ያሉት። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ነው የገዟት። አሮጊት ናት። ግንባሯ ላይ የሠሪዋ ስም የነበረበት ቁራጭ ብረት ወድቆ ጠፍቷል፤ የቀሩት የሚስማሩ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው። የእንግሊዝ ናት ያለ አለ፣ የጀርመን ናት ያለ አለ። ዩሱፍማ ዘሯ የማይታወቅ መኪና ይዞ ክርክር ውስጥ መግባት አይቻልም ብሎ ቆርጦ ተናገረ። ባሻ አልተቆጡም።

«ስሟን አላውቅም» አሉ፤ «አመሏን ግን እያወቅኩ ነው።»

ባሻ ረጅም፣ ትከሻቸው ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ ሰው ሲናገር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የሚሰሙ ሰው ነበሩ። አባታቸው ከሸዋ ከመጣው ጦር ጋር ሐረር ገብተው የቀሩ ወታደር ናቸው። በኋላ በቅሎ መነገድ ጀመሩ፤ ባሻም ከጉርምስናቸው ጀምሮ የኖሩት በበቅሎ ገበያ ነው። በበቅሎ ገበያ ደግሞ ሻጩ የበቅሎዋን አመል ምስክር ፊት ይናገራል። ትራገጣለች፣ ውሃ ትፈራለች፣ ጥላ ስታይ ትበረግጋለች ይላል። ደብቆ የሸጠ ሰው በቅሎዋ ብትመለስለትም ስሙ አይመለስለትም። ባሻ ይህን ደንብ ሳይቀንሱ ሳይጨምሩ ወደ መኪና አመጡት።

ከድሬዳዋ በተመለሱ ቁጥር መጋላው መሀል ያቆማሉ። ይወርዳሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ የሞተሯን ክዳን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ከዚያ በጎርናና ድምፃቸው፣ ሰው እየሰማ፣ ያደረገቻቸውን ሁሉ ይናገራሉ። «ዛሬ ሴትዮዋ አዋዳይ ላይ ጠምቷት ቆመች። አለማያ ሐይቁ ዳር ጎማዋ ተነፈሰ። ዳገቱን በሦስት እረፍት ወጣች።» መኪናዋን ሴትዮዋ ነበር የሚሏት። ታኮዋንም ከወይራ ራሳቸው ከነእጀታው ጠርበው፣ በገመድ አስረው፣ ስሟ በጠፋበት ግንባሯ ላይ ሰቀሉላት። ሌላው የአገር ስም በሚያሳይበት ቦታ የባሻ መኪና ታኮ ታሳይ ነበር።

እኛ በሳቅ ሞትን። አንድ ቀን እኔው ራሴ፣ ባሻ እንዲህ እያወሩባት ማን ይሳፈርልዎታል ብዬ ጠየቅኳቸው። «ተሳፍሮ ከሚረግመኝ ሳይሳፈር ቢቀርብኝ ይሻለኛል» አሉኝና እንደገና ወደ ሥራቸው ጎንበስ አሉ።

የሚሳፈርም አልጠፋም። የባሻ ተሳፋሪ ግን ቁጭ ብሎ አይሄድም፤ ሥራ አለው። ከመነሳታቸው በፊት አሰልፈው ያከፋፍላሉ። አንተ ውሃ፣ አንተ ታኮ፣ አንቺ ደግሞ ሽታ ከሸተተሽ ጩኺ። ቁልቁለት ላይ ፍሬኗ ስለማይታመን ትልቅ የጥድ ግንድ በሰንሰለት ከኋላዋ ያስራሉ፤ ግንዱ መሬቱን እየቧጠጠ ይይዛታል። እኛ ይህን «የባሻ ማረሻ» ብለን ስም አወጣንለት። ማረሻ ብንለውም ደንገጎን ሲወርዱ ከኋላቸው አቧራ እንጂ ዋይታ ተነስቶ አያውቅም።

አሁን ወደ አዴ ዘይነባ ልግባ፤ «አዴ» የሐረር ሰው ለትልቅ ሴት የሚሰጠው የአክብሮት መጠሪያ ነው።

አዴ ዘይነባ ፈላና በር አካባቢ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው የጀጎል ሴት ናቸው። የሚሰፉት ስፌት ሙሽራ ቤት ግድግዳ ላይ ካልተሰቀለ ሰርጉ ሰርግ አይመስልም ነበር። የዩሱፍ አክስት ናቸው፤ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚመኙት አንድ ነገር ነው፤ ሐጅ። ጉልበታቸው ስለታመመ በቅሎ ላይ መቀመጥ አይችሉም። መኪና ሐረር ሲገባ ለሳቸው የመካ መንገድ የተከፈተ ያህል ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት የተሳፈሩት በእህታቸው ልጅ መኪና ነው። ዩሱፍ አዲስ ናት፣ ወላሂ ወፍ ናት ብሎ ምሎ ጫናቸው። ደንገጎ ቁልቁለት ላይ መኪናዋ «አረፈች»። ያን ጊዜ ውሃ የያዘ የለም፣ ግንድ የለም፣ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ የለም። በማግስቱ ድሬዳዋ ሲደርሱ የጅቡቲው ባቡር ሐጃጆቹን ይዞ ሄዷል። መርከቡም አይጠብቅም። አዴ ዘይነባ ስንቃቸውን እንደ ቋጠሩ ተመለሱ። ዩሱፍ ለመጋላው ሰው ባቡሩ ከሰዓቱ ቀድሞ ተነሳ ብሎ አወራ። እሳቸው አንዲት ቃል አልወጣቸውም። በዚያ ዓመት ግን በጣም አረጁ። የሚቀጥለው ካመለጣቸው ሌላ እንደማይኖራቸው ያያቸው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ዓመቱ ዞሮ የሐጅ ወቅት ሲደርስ አዴ ዘይነባ በትራቸውን ይዘው መጋላ ድረስ መጡ። ሁላችንም አለን። ወንበር አቀረብኩላቸው። እንግዲህ ሁላችንም ልንጭናቸው ጓጉተናል፤ ሐጃጅ መጫን ክብር ነው። እሳቸው ግን የማን አገር መኪና እንደሆነች አልጠየቁም። እያንዳንዳችንን በየተራ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፤ መኪናህ የት የት ትቆማለች?

ዩሱፍ አትቆምም፣ አዲስ ጎማ አስገብቼላታለሁ አለ። እኔም የፈረንሳይ መኪና እንደማትቆም አስረዳሁ፤ በዚያ ሳምንት ግን አርፋ ነበር። ባሻ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አዋዳይ ላይ ውሃ ትጠማለች፤ እናቆማለን። አለማያ ሐይቁ ዳር ጎማዋ አያስተማምንም። ደንገጎ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኗ አይይዝም፤ ግንድ እናስራለን» አሉ። «እርስዎም ሥራ አለዎት እናቴ፤ የውሃውን ቅል ይይዛሉ።»

አዴ ዘይነባ «ኢንሻላህ ከርስዎ ጋር ነው የምሄደው» አሉ። የዩሱፍን ፊት ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

የሄድንበትን ቀን አስታውሳለሁ፤ እኔም ለዕቃ ድሬዳዋ መውረድ ስለነበረብኝ ተሳፍሬያለሁ። ሥራዬ ግንዱን መጠበቅ ነው። ባቡሩ የሚነሳው በማግስቱ ማለዳ ነው። ዩሱፍ እኔም ድሬዳዋ ጉዳይ አለኝ ብሎ ባዶ መኪናውን እያሽከረከረ ከኋላ ይከተለናል። አዋዳይ ደረስን፤ ሴትዮዋ አልጠማትም። ባሻ ግን አቁመው አጠጧት። አለማያ ደረስን፤ ጎማዋ ደህና ነው። ባሻ ወርደው ዳሰሱት። አዴ ዘይነባ ቅሉን ታቅፈው ሲያዩ ቆዩና ፊታቸው ተቀየረ። አትቆምም ያሏት መኪና ቆማባቸው ያውቃሉ፤ ትቆማለች ያሏት ሳትቆም ስትቀር ደግሞ ምን ልታመጣ ነው ብለው ፈሩ። ባሻ እየሳቁ እኔም እየፈራሁ ነው አሏቸው።

ደንገጎ አናት ላይ ግንዱን አሰርን። ቁልቁለቱን ትንሽ እንደጀመርን ባሻ መሪውን ወደ ግራ አዞሩት፤ ጎማዎቹ ግን አልታዘዙም። መሪው በእጃቸው ውስጥ ባዶውን ይሽከረከራል። ግንዱ ባይይዘን ኖሮ ይህን የምጽፍ ሰው አልኖርም ነበር። መኪናዋ እየተጎተተች ሄዳ ከተራራው ጥግ ተደግፋ ቆመች። በቀኛችን የነበረውን ገደል ያየሁት ከወረድኩ በኋላ ነው።

ባሻ ከሥሯ ገብተው አዩ። ሲወጡ ልብሳቸውን እንኳ አላራገፉም፤ በቀጥታ አዴ ዘይነባ ፊት ሄደው ቆሙ።

«እናቴ፣ ይሄኛውን አመሏን አላውቀውም ነበር። አልነገርኩዎትምና ይቅር ይበሉኝ» አሉ።

ብዙ ባለመኪና አይቻለሁ። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እንዲህ ያለ አንድም አላየሁም፤ ሌላው ቢሆን መንገዱን ይሰድባል።

ዩሱፍ ደረሰ። ደስታውን ሊደብቅ ቢሞክርም ጥርሱ አልከደን አለው። ወርዶ የመኪናውን በር ከፈተና አክስቱን ነይ ግቢ አላቸው። አዴ ዘይነባ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። አምና መኪናህ ለምን ነበር የቆመችው ብለው ጠየቁት። ሞቋት ነው፣ ትንሽ አርፋ ነው አለ። ፀሐዩ እየዘቀዘቀ ነው፣ በመንገዱ ላይ ሌላ መኪና አይመጣም፣ ሴትዮዋ ደግሞ ከእንግዲህ በዚያ ቀን አትንቀሳቀስም። እሳቸው ግን አልተነሱም። አምና በዚያች መኪና የሆነባቸውን የሚያውቅ ሰው ሊያስገድዳቸው አይችልም።

ባሻ ዩሱፍን ወደ ጎን አልወሰዱትም። እዚያው፣ ሁላችንም ፊት፣ በለሆሳስ ተናገሩት።

«ዩሱፍ፣ ልጄ። እኔ ፊታቸው ቆሜ አፍሬያለሁ። ይኸው፣ አልሞትኩም። አንተም ንገራቸው።»

ዩሱፍ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ተናገረ። ፍሬኗ ቁልቁለቱ መሀል ሲደርስ ይሸታል፣ ሲሸት አይይዝም አለ። አምናም ይኸው ነው የሆነው። ባቡሩም ቀድሞ አልተነሳም፤ እኛ ነን የዘገየነው፣ እኔ ነኝ ያዘገየሁሽ አላቸው። ሲጨርስ እንባው ወርዶ ነበር። አዴ ዘይነባ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «አሁን እሳፈራለሁ።»

ባሻ ግንዱን ከራሳቸው መኪና ፈትተው ከዚያች ቀለሟ ፊት ከሚያሳይ አሜሪካን ጋር አሰሩት። ሰንሰለቱን ሁለቴ ፈተሹ። ቅሉን ለአዴ ዘይነባ መልሰው ሰጧቸው። ባሻ ግን ሴትዮዋን ትተው መሄድ ስላልፈለጉ እዚያው ቀሩ። እኛ ወረድን። ዩሱፍ በየመታጠፊያው «አሁን እዚህ ጋ ትሸታለች» እያለ ጮክ ብሎ ይናገር ነበር፤ እንዳለውም ትሸታለች፣ እናቆማለን፣ እናበርዳታለን። አመሻሽ ላይ ድሬዳዋ ገባን። በማግስቱ አዴ ዘይነባ ባቡሩ መስኮት ላይ ሆነው እጃቸውን ሲያወዛውዙ፣ ዩሱፍ እንደ ሕፃን ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። ባሻ ብቻ አላዩትም።

ሐጃ ዘይነባ ሆነው ሲመለሱ ቴምር ይዘው መጀመሪያ የገቡት ባሻ ቤት ነው። ባሻ መቼም ቀልድ አይለቃቸውም፤ ለሴትዮዋስ ዱዓ አድርገውላታል ወይ ብለው ጠየቁ። ሐጃ አድርጌያለሁ፣ ስሟን ስለማላውቅ ግን ያች አመሏ የሚነገርላት ብዬ ነው የለመንኩላት አሏቸው። ባሻ ይህን ነገር ለሰው ሁሉ ያወሩት ነበር፤ ባወሩት ቁጥር ድምፃቸው መሀሉ ላይ ይሰበራል።

ዩሱፍ ከዚያ ቀን ወዲህ ከጉራው ሙሉ በሙሉ ዳነ አልልም። እኛም ክርክራችንን አላቆምንም። በቅርቡ ባሻ መሪዋን ያስጠገኑላትን ሴትዮዋን ይዘው፣ ሌላ ዕቃ ሊፈልጉላት ድሬዳዋ ወረዱ፤ እዚያ ንዳድ ያዛቸው። አልተነሱም።

እንግዲህ ስልኩ የመጣ ቀን ሱቄ ደጃፍ ስንከራከር፣ ሐጃ ዘይነባ መርዶውን ሰምተው በበትራቸው እየተደገፉ ደረሱ። ዓይናቸው ቀልቷል። ዛሬ ወንበር አልፈለጉም። ሁላችንንም አዩንና ያንኑ ጥያቄ ጠየቁ፤ የት የት ትቆማለች? ዩሱፍ ወደ ፊት ወጣ። ዳገቱን ለመውጣት ሦስት ጊዜ ትደክማለች፣ ሦስተኛው ክፉ ነው፣ ታኮ ይፈልጋል አለ። ሐጃ ሂድ አሉት።

ድሬዳዋ ስንደርስ ሴትዮዋ ባሻ ባረፉበት ግቢ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማለች። ወይራው ታኮ ግንባሯ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ዩሱፍ ፈታው። የራሱ መኪና ግንባር ላይ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የተኩራራበት ስም ላይ ሰቀለው። ሣጥኑን ጫንን። ከመነሳታችን በፊት አሰለፈንና ሥራ አከፋፈለን፤ ለኔ የደረሰኝ ታኮው ነው።

ሁለቱን ቦታ እንዳለው ቆመች፣ እንዳለውም ተነሳች። ሦስተኛው ላይ፣ ገደሉ በሚታይበት፣ ሞተሯ ጠፋና ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ማንም አልጮኸም። ውሃ ያዡ ወረደ፣ ሰዉ ከሁለት ወገን ትከሻውን ሰጠ፣ እኔ ታኮውን ከጎማው ሥር አኖርኩ። ወይራው ሲጢጥ አለና ያዘ። እጀታው ለዓመታት በጨበጡት እጆች ለስልሷል፤ መኪናዋ እስክትበርድ ድረስ እጄን ከላዩ ማንሳት አልቻልኩም።

ሐረር የገባነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ እስላም ክርስቲያን ሳይል መጋላው ላይ ይጠብቃል። በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምናልፍ መስሎኝ ነበር። ዩሱፍ ግን መሀል ላይ አቆመ። ወረደ፣ ኮፊያውን አወለቀ፣ የሞተሩን ክዳን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ሐጃ ዘይነባ እየሰሙ፣ እኛ ሁላችን እየሰማን፣ የት የት እንደቆመች አንዱንም ሳያስቀር ተናገረ። እኔ ያለቀስኩት ያኔ ነው። ሲጨርስ ኮፊያውን አደረገና ባሻን ልንቀብር ሄድን።